መጨረሻው የተገነጠለ ልብ ወለድ

ደበሌ ሀብታም የሆነው በፍቅር ምክንያት ነው። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከጎኑ ተቀምጬ ሰዓት ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የምለውን አውቃለሁ።

መጀመሪያ በከተማችን ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ በቆርቆሮ ኪዮስክ መጽሐፍ ያከራይ ነበር። አንድ ልብ ወለድ በቀን ሃምሳ ሳንቲም። መጽሐፍ ሲመለስለት ጣቱን በምራቁ እያራሰ ቅጠሉን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ቄስም ሆነ ፖሊስ፣ ሳይቆጥር አይቀበልም። ያልቆጠረባት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ሙሉጌጥ፣ እናቷን ገበያ ውስጥ ጨርቅ በመሸጥ የምታግዝ ልጅ። እሷ ፊት መቁጠር ያሳፍረዋል። ስለዚህ ተቀብሎ ቶሎ መደርደሪያው ላይ ይጥለዋል።

በ1993 ዓ.ም. ሙሉጌጥ አንድ የታወቀ የድሮ ልብ ወለድ ተከራየች። በታሪኩ አንድ የጨው ነጋዴ ድሃ ተላላኪ የባለጸጋ ልጅ ይወድና፣ ባዶ እጄን አልጠይቃትም ብሎ ሀብት ፍለጋ አገር ጥሎ ይሄዳል። አንብባ መለሰች። ደበሌ አልቆጠረም። በሳምንቱ ሌላ ደንበኛ መጥቶ "መጨረሻው የታለ?" ብሎ ጮኸበት። የመጨረሻዎቹ አራት ቅጠሎች ተገንጥለዋል።

ማን እንደገነጠላቸው እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

"ሂድና ጠይቃት እንጂ" አልኩት።

"ምን ብዬ? ሌባ ነሽ ልበላት?"

አልጠየቃትም። ሽፋኑ ላይ "መጨረሻ የለውም" ብሎ ጻፈና ኪራዩን ወደ ስሙኒ አወረደው።

ደበሌ መጽሐፍ ያከራያል እንጂ አያነብም ነበር። ያንን ግን እሷ ስላነበበችው አነበበው። ታሪኩ የሚቆረጠው ሰውየው ከብሮ፣ ቤት ሠርቶ፣ የልጅቱን በር ሲያንኳኳ ነው። ደበሌ ከዚህ ትምህርት ወሰደ፤ መጀመሪያ ቤት፣ ከዚያ ሽማግሌ።

ያበለጸገው ልብ ወለድ አይደለም፣ ፎቶ ኮፒ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፉን እሱ ዘንድ ያስባዛል። አንድ ማሽን ሦስት ሆነ። እኔ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ስለው "ትንሽ ቀረኝ" ይለኛል። ትንሽ ሲቀረው ሙሉጌጥ አንድ ሹፌር አገባች። ደበሌ ለሠርጓ የግድግዳ ሰዓት ከእኔ ገዛ፤ ቅናሽ እንኳ አልጠየቀኝም። ያን ቀን ከልቤ አሳዘነኝ።

ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ደበሌ አራቱንም ዓመት ጠበቀ። ለሐዘኗ ክብር ሲል እንዳይመስላችሁ፤ ከከተማው ዳር፣ ቱላ የሚያሠራው ቤት ጣሪያው አላለቀም ነበር።

ባለፈው ጥር አለቀ። እኔ፣ አቶ በርናባስና ሐጂ አብዱልፈታህ ሽማግሌ ሆነን ሄድን። እንደ ደንቡ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። አቶ በርናባስ ስለ ሰውየው ሁለት ቃል፣ ስለ ቤቱ ደግሞ ሩብ ሰዓት ተናገሩ፤ አራት ክፍል፣ ሴራሚክ፣ የውሃ ታንከር።

ሙሉጌጥ ሰምታ ስትጨርስ ጓዳ ገባችና ያረጀ ፖስታ ይዛ ወጣች።

"ይህን አንብቦ ራሱ ይምጣ። እናንተ ግን ተቀመጡ እባካችሁ፤ ጋሽ ዘሪሁን፣ ጉልበትዎን ያምዎታል" አለች ወደ እኔ ዞራ።

ደበሌ ማሽኑን ተደግፎ አነበበው፤ ፖስታው ውስጥ ያሉት የተገነጠሉት ቅጠሎች ናቸው። በታሪኩ መጨረሻ፣ ሰውየው ያንኳኳውን በር ልጅቱ ልጅ አዝላ ትከፍትለታለች። ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል፦ "ደበሌ፣ ይህን ፍለጋ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ቤት የለኝም ብለህ አትፍራ። ሽማግሌ ላክ።"

ሁለተኛ አነበበው። ከዚያ ቅጠሎቹን ቆጠረ፤ አራት ናቸው። ከዚያ አለቀሰ። ተማሪዎች ተሰልፈው ነበር፤ ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ መለስኳቸው።

ማታውኑ አብሬው ሄድኩ፤ ብቻውን በሯን የሚያንኳኳ አልመሰለኝም።

"ምን ያህል ጊዜ ጠበቅሽኝ?" አላት።

"ሁለት ዓመት። በሱቃችን ባለፍክ ቁጥር ዛሬ ይጠይቀኛል እላለሁ። አንተ ሰላም ብለህ ታልፋለህ።"

ደበሌ ኪሱን ዳበሰ። በኋላ፣ "እንግዲህ ቤቱን አትፈልጊውም ማለት ነው" አለ።

"ያኔ ነዋ ያልፈለግሁት!" አለች ሙሉጌጥ። "አሁን አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አከራዬ በየመንፈቁ ይጨምርብኛል። ቁልፉን ይዘኸዋል?"

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። እሷ መብራቱ ሥር ቆማ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።