ሦስቱ የእድራችን ሰርቨሮች

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው እድራችን ጥሩምባ ነፊውን ያሰናበተው፣ ሁሉም ሰው ስልክ ይዟል ተብሎ ነው። በየበሩ እየዞረ እገሌ አረፈ የሚለው ሰው ቀረና መርዶው አገር ምድሩ በተሰበሰበበት ትልቁ ማኅበራዊ ገጽ ላይ ይወጣ ጀመር። ገጹም የራሱ ዓመል ነበረው። የአንዱን ጎረቤቴን ቀብር ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ከጫማ ማስታወቂያ በታች አሳይቶኛል። የማላውቃት ዘፋኝ ባሏን መፍታቷን ግን በዕለቱ ነገረኝ። ስለዚህ እንውጣ ሲባል አልተቃወምኩም።

እንውጣ ያለው የእድሩ ጸሐፊ ነው፤ ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ ስብሰባ ላይ ቆሞ መናገር የሚወድ ሰው። የምንገባበት አዲሱ መተግበሪያ ጌታ የለውም አለን። እያንዳንዱ ሰፈር የአባላቱን መልእክት የሚያስተናግድ የራሱን ሰርቨር ይከፍታል፣ ሰርቨሮቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ከሩቅ ሆኖ የሚያዝብን ሀብታም አይኖርም። አጨበጨብን። ነፃ ወጣን ብሎ ለስላሳ የጋበዘም ነበር።

ነፃነታችን እስከ መጀመሪያው ስብሰባ ቆየ። ሰርቨሩን ማን ይቆጣጠር ሲባል ሁሉም እጁን አወጣ። የዕቃ ቤት ኃላፊው በጸሐፊው ሥር አልሆንም ብሎ ከአስፋልቱ ወዲያ ላሉት የራሳቸውን ከፈተላቸው። ከከተማው ዳር፣ ቱላ፣ ቤት ሠርተው የሄዱት አባላት ደግሞ ተንቀናል ብለው ሌላ ከፈቱ። አንድ ድንኳን ያለው እድር ሦስት ሰርቨር ኖረው። ለሊቀመንበርነት የሚናከስ ሰው ጌታ የሌለው ነገር ሲሰጡት ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ነበረብን። አንድ ቀን ድንኳኑ የት ይቀመጥ በሚል ተሰዳደቡና ጸሐፊው ከሁለቱ ሰርቨሮች ጋር ያለውን ግንኙነት ቆረጠ፤ እነሱም የእሱን ቆረጡ። የአገር መሪ ይመስል ድንበር ዘጉ። ጠዋት ጠዋት ግን የሚሰለፉት አንድ ዳቦ ቤት በር ላይ ነው።

በዚህ መሀል የጎረቤቴ፣ የጡረተኛው ሹፌር ሚስት አረፉ። ሰውየውን ጋሼ እንላቸዋለን። ከእድራችን ሰው ሲሞት ቃሬዛ ሳይሸከሙ የቀሩበትን ቀን አላስታውስም። መተግበሪያ የሚጫንበት ስልክ የላቸውም፤ ስለዚህ ለጸሐፊው ነገሩት። እሱም በራሱ ሰርቨር ላይ ሻማና ጥቁር ሪባን አስጊጦ ለጠፈ። በቃ፣ ግዴታውን ተወጣ።

ቀብሩ በዚያው ቀን ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚዎቹ ባዷቸውን ተደርድረዋል፤ በጸሐፊው ሰርቨር ያለነው ጥቂቶች አንድ ጥግ ተቀምጠናል። ባጃጅ በመጣ ቁጥር ጋሼ ቀና ይላሉ፣ ባጃጁ ያልፋል። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ተሸካሚ አነሰና ከመንገድ ሰው ለመንን። በሰፈሬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ጸሐፊውን በጥፊ ባጠናግረው ደስ ባለኝ ነበር።

ከቀብር መልስ ይኸው ሰው አጠገባቸው ተቀመጠና ያስረዳቸው ጀመር። ግንኙነቱ ስለተቋረጠ መርዶው ለሌሎቹ እንዳልደረሳቸው፣ ጥፋቱ የዕቃ ቤት ኃላፊው እንደሆነ፣ ሥርዓቱ ግን በራሱ ጥሩ እንደሆነ ነገራቸው። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እሱ የሚለው አልገባኝም» አሉኝ። «ማንን አስቀይማ እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ፤ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅላት።»