ኪቦርዱን የሚዘጋው እሱ ነው

አባቴ ድምፁን ያጣው በጉሮሮ ሕመም ነው። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና አድርገው ነፍሱን አተረፉልን፤ ድምፁ ግን በዚያው ቀረ። ጆሮው ደህና ነው፣ አእምሮው ደህና ነው፣ ቁጣውማ ከሁሉም በላይ ደህና ነው። ሆኖም አቃቂ ቤታችን ሊጠይቀው የሚመጣ ሰው ሁሉ ጆሮው ሥር ተጠግቶ ይጮህበታል። ሌላው ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ እኔን «ምግብ ይበላሉ? እንቅልፍስ ይወስዳቸዋል?» ይለኛል። ደሜ ይፈላ ነበር። «እዚሁ አሉ እኮ፣ እሳቸውን ጠይቁ!» እያልኩ ስንቱን ጎረቤት አስቀየምኩ። ምንም አይቆጨኝም።

ይህ ሰው ዕድሜውን የፈጀው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ በማሽን ጩኸት መሃል ሰው ሲጠራ ነው። ጡረታ ሲወጣ የሰፈሩ እድር ዳኛ አደረገው። የእድር ዳኛ ስብሰባ ይመራል፣ ደንብ ያስከብራል፣ ያጠፋውን ይቀጣል። አባቴ አጥብቆ የሚይዛት ደንብ አንዲት ነበረች፤ ሰው ሲናገር ጣልቃ የገባ ይቀጣል። የገዛ ወንድሙን ቀጥቷል። አንድ ጊዜ የሰፈሩን ቄስ ሳይቀር ቀጥቶ ሰው ሲያወራው ከረመ።

እኔ በዚያ ዘመን ከተማ ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ቢሮ፣ የሞባይል አፕ እሠራ ነበር። መንግሥት ኢንተርኔት በዘጋበት አንድ ሰሞን ሥራ ፈትተን ስንቀመጥ፣ ለአባቴ አፕ ሠራሁለት። ነገሩ ቀላል ነው። ነጭ ገጽ ላይ በአማርኛ ይጽፋል፤ ሲጨርስ ፊደሉ ተልቆ ገጹን ይሞላል። ኔትወርክ አይፈልግም፣ የማንንም ፈቃድ አይፈልግም። ችግሩ ኪቦርዱ ነበር። የስክሪኑን ግማሽ ይዞ ቁጭ ስለሚል ለትልቁ ፊደል ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ ሌላው አፕ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ከኪቦርዱ ውጪ የትም ቦታ ሲነካ ኪቦርዱ ይወርዳል፣ ጽሑፉ ይተልቃል። አባቴ ስልኩን በግራ እጁ ይዞ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ በአንድ ጣት ፊደል እየለቀመ ለመደው። መጀመሪያ የጻፈልኝ «ሻዩ ስኳር የለውም» የሚል ነበር። እያለቀስኩ ስኳር ጨመርኩለት።

ከዚያ የእድሩ ስብሰባ ደረሰ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። ፀሐፊው አጀንዳውን አነበቡ፤ ዳኛችን ስለታመሙ ይረፉ፣ ሌላ ዳኛ ይመረጥ ይላል። አባቴ ማረፍ አልፈለገም። በሽታው ድምፁን ወሰደበት፤ ወንበሩንም አስረክቦ ቤት ሊቀመጥ አላሰበም። እጁን አወጣና ስልኩ ላይ መጻፍ ጀመረ። ፀሐፊው አጠገቡ ነበሩ። ሊያግዙት ይሁን ሊያጣድፉት አላውቅም፣ ጎንበስ ብለው ጽሑፉን በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ያዙ። ጣታቸው ስክሪኑን በነካ ቁጥር ኪቦርዱ ይወርዳል፣ ያላለቀው ነገር ተልቆ ይወጣል። «እኔ»፤ ቀጥሎ «እኔ የምለው»። አባቴ ኪቦርዱን መልሶ ያወጣል፣ እሳቸው መልሰው ይነኩታል። በመጨረሻ ፀሐፊው ቀና ብለው፣ «ደክሟቸዋል፣ አናስጨንቃቸው። ምርጫውን በሚቀጥለው ስብሰባ እናድርገው» አሉ። ሰው አጨበጨበ። አባቴ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ስንመለስ፣ ማረሚያ ቤት እስረኛ ሊጠይቁ የሚሄዱ ሴቶች ምሳ ዕቃ ይዘው ታክሲ ይጋፋሉ። ወያላው «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» ይላል። አባቴ መንገድ ዳር ቆም አለና ጻፈልኝ፤ «ጣቱን አፌ ውስጥ ከተተ።»

ያን ሳምንት አፑን አፍርሼ ሠራሁት። ከእንግዲህ የትም ቢነኩት ኪቦርዱ አይወርድም። የሚወርደው በአንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ እሱም ያለው በግራ ጠርዝ፣ አባቴ ስልኩን ሲይዝ አውራ ጣቱ የሚሸፍነው ቦታ ላይ ነው። የቢሮ አለቃዬ አይቶ ሳቀብኝ።

«እንዲህማ አይሠራም። ሰው ውጪውን ነክቶ መዝጋት ለምዷል፣ ተጠቃሚ ይደናገራል» አለኝ።

«ይደናገር! ተጠቃሚው አባቴ ነው። እሱ ሳይጨርስ ማንም አይዘጋበትም።»

«እንዳሻሽ» ብሎኝ ሄደ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ፀሐፊው «ወደ ምርጫው እንግባ» ሲሉ አባቴ እጁን አወጣና መጻፍ ጀመረ። የፈራሁት ጣት መጣ። ነካው፤ ኪቦርዱ ንቅንቅ አላለም። ደግመው ነኩት፣ ጠበቅ አድርገው ተጫኑት።

«ተበላሽቷል መሰለኝ» ብለው እኔን አዩኝ።

«አልተበላሸም። እየተናገሩ ነው፣ ይጠብቁ» አልኳቸው።

አባቴ አልቸኮለም። አንድ ቃል አጠፋ፣ እንደገና ጻፈው። አንዱ አሳለ፣ አንዱ የቆርቆሮውን ጣሪያ አንጋጦ አየ። ድምፅ በነበረው ጊዜ እንኳ እንዲህ ተጠብቆ አያውቅም። ከዚያ በአውራ ጣቱ ተጫነ። ኪቦርዱ ወረደ፣ ፊደሉ ስክሪኑን ሞላ። ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ አሳየ፤ ፊት የተቀመጡት ለኋላው ጮክ ብለው አነበቡለት።

«ፀሐፊው ሰው ሲናገር ጣልቃ ገብተዋል። በደንቡ ይቀጡ።»

መጀመሪያ የሳቁት ከኋላ ያሉት ሴቶች ናቸው፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ገንዘብ ያዡ እየሳቁ ለፀሐፊው እጃቸውን ዘረጉ። ፀሐፊው ግራ ቀኙን ቢያዩ የሚያግዛቸው ጠፋ፤ ደንቡን በእጃቸው የጻፉትም ራሳቸው ናቸው። ከኪሳቸው አውጥተው ከፈሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ምርጫ ትንፍሽ ያለ የለም።

አባቴ ሳቁ እስኪበርድ ታገሠ። ከዚያ ኪቦርዱን መልሶ አወጣና የሚቀጥለውን አጀንዳ መጻፍ ጀመረ። ሁላችንም ጠበቅነው።