ሳላየው የተፈተንኩበት ወደብ

ባለፈው ቅዳሜ የወደብ ከተማዋን ቺቪታቬኪያን ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ከሮም ዋና ጣቢያ ከተርሚኒ በባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። የክፍል ጓደኞቼ ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ባሕሩ ሮጡ፤ እኔ ወደቡ አጠገብ ካለው አሮጌ ምሽግ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ድንጋዩ ፀሐይ ጠጥቶ ይሞቃል፤ ከአጠገቡ የሚጠበስ ዓሣ ይሸታል። ይህችን ከተማ ሳላያት በቃሌ አውቃት ነበር፤ በእሷ የተነሳ እንዴት እንደተጨነቅሁም ልጻፍ። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት ዘንድሮ ስለሆነ ደስታው ገና አልወጣልኝም።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚያሳልፈው የቃል ፈተና ደርሷል። ሰኔ ነው፤ የሮም አስፋልት ከጫማ ሥር ይለሰልሳል። እናቴ ቤታቸው የምትሠራላቸው ሲኞራ፣ ኦስቲያ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሕፃን የምጠብቅበት ቤት አግኝተውልኛል፤ እናቴም ቫ ቤኔ፣ እሺ ብላለች። ካለፍኩ ትምህርቴን እቀጥላለሁ፤ ከወደቅኩ በዚያው ሳምንት ኦስቲያ እገባለሁ። ሲኞራዋ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም እንድለምደው ብለው የሕፃኑን ፎቶ ሰጥተውኝ ነበር። ፎቶውን ደብተሬ ውስጥ በጀርባው ገልብጬ አስቀመጥኩት።

የደረሰኝ ርእስ የቺቪታቬኪያ ታሪክ ነው። ሸመደድኩት። ወደቡን አንድ የሮም ቄሣር ሠራው። ከባሕር የመጡ ወራሪዎች ከተማዋን ሲያወድሟት ሕዝቡ ወደ ኮረብታ ሸሸ፤ ዓመታት ቆይቶ ወደ ፍርስራሹ ተመለሰ። ከዚያ የሮም ጳጳሳት ምሽጉን አሠሩ፤ ፈረንሳዮች ገቡ፤ ጳጳሳቱ ተመለሱ፤ ደግሞ ፈረንሳዮች፤ በመጨረሻ የኢጣሊያ ንጉሥ። እናቴ ሸሚዝ እየተኮሰች ታዳምጠኛለች። ሁለተኛው ፈረንሳይ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ፣ "አሁንም እነሱ? ቤት የላቸውም እንዴ?" ትለኛለች።

ያስፈራኝ ሽምደዳው አልነበረም። አዲስ አበባ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ደርግ ንጉሡን ካወረደ ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖት፣ አስተማሪያችን አገራችንን ያለማት ማን እንደሆነ ጠየቀን። እጄን አውጥቼ ንጉሡን ጠራሁ። በማግሥቱ አባቴ ቀበሌ ተጠራ፤ የተመለሰው በአምስተኛው ቀን ነው። ምን እንዳሉት አልነገረንም። እኔንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በዓመቱ እናቴና እኔ ሮም ስንመጣ እሱ እዚያው ቀረ።

በፈተናው ጠዋት እናቴ ኮሌታዬን እያስተካከለች፣ "ስለ ገዢ ከጠየቁሽ የሆነውን ተናገሪ እንጂ የመሰለሽን አትናገሪ" አለችኝ።

አምስት አስተማሪዎች በረጅም ጠረጴዛ ተቀምጠዋል፤ ፈተናው ለቤተሰብ ክፍት ስለሆነ እናቴ ከኋላዬ ናት። ከቄሣሩ እስከ ኢጣሊያው ንጉሥ ሳልሳሳት ጨረስኩ። የታሪክ መምህርቴ ፈገግ ብለው፣ "አሎራ፣ እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ ገዢዎች ለከተማዋ የበጃት የትኛው ነው ትያለሽ?" አሉኝ።

ዳር ላይ የተቀመጡት ሴት አስተማሪ ይጽፋሉ፤ የሚታየኝ ብዕራቸው ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ የኢጣሊያ ፕሬዚዳንት ፎቶ ተሰቅሏል። በጣቴ አሳየሁና "እሳቸው" አልኩ።

ሌሎቹ ሳቁ። የታሪክ መምህርቴ ግን አልሳቁም። እንዲህ በይ ያለኝ ማን እንደሆነ በቀስታ ጠየቁኝ። ወደ እናቴ ዞርኩ፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ ጨብጣ መሬት መሬቱን ታያለች። የዚያ ሕፃን ፊት ድቅን አለብኝ።

"ፕሮፌሶሬሳ፣ ዳር ላይ ያሉት መጻፋቸውን ቢያቆሙ እመልሳለሁ" አልኳቸው።

ሲጽፉ የነበሩት አስተማሪ ግራ ተጋብተው ቀና አሉ። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጡት።

ከገዢዎቹ አንዱንም እንደማልመርጥ ተናገርኩ። ከኮረብታው የወረዱት ሰዎች ይበልጡብኛል፤ ፍርስራሽ መሆኑን እያወቁ ተመልሰዋል አልኩ። ቀጥሎ ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ፦ "እኛ ግን እንመለስ አንመለስ አላውቅም።"

አለፍኩ። ኦስቲያን ያየኋት ለመዋኘት ስሄድ ብቻ ነው። እናቴ ግን ያን ቀን አላቀፈችኝም። "ሴትየዋ እኛ ከወጣን በኋላ ጽፋው ይሆን?" አለችኝ፤ ቤት እስክንደርስ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ተናድጄ ቀድሜያት ሄድኩ።

ዛሬ ብዕሩ በእኔ እጅ ነው፤ ስለ ቄሣሩም ስለ ጳጳሳቱም እንደልቤ ጻፍኩ። አባቴ ግን አሁንም አዲስ አበባ ነው። ስሙን ሁለት ጊዜ ጽፌው ነበር፤ ሁለቴም ሰረዝኩት።