የአማቴ ጉልበትና የእኔ ውሸት

አዳማ ካሉት የባለቤቴ ቤተሰቦች ጋር እሁድ እሁድ ምሳ መብላት ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ እንግዳነቴ ግን አልለቀቀኝም። አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። የገዛ ልጆቻቸውን ሲቆጡና ሲልኩ ይውሉና ወደ እኔ ሲዞሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። «ይብሉ እንጂ መምህር፣ አልበሉም እኮ።» ሳህን ላነሳ ብል ቤቱ ይናወጣል። ከአምስት ዓመት በኋላም እንደ ሙሽራ ሶፋ ላይ ተጎልቼ መዋል አንገሽግሾኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ ጨዋታ አለን። የባለቤቴ ወንድም ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ስለሆነ፣ አስመጪ ደንበኞቹ በናሙና የሚሰጡትን ግራ የሚያጋባ ዕቃ ይዞ ይመጣል። ምንነቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሌሎቻችን በየተራ ፊታችንን ኮስተር አድርገን እንዋሻለን፤ ብዙ ሰው ያሳመነ ያሸንፋል። አማቴ ውሸት በጨዋታም ስለማይወዱ ያን ሰዓት ይተኛሉ።

አንድ እሁድ የመጣው እጀታ ያለው፣ ዙሪያውን ደነዝ የፕላስቲክ ጥርስ ያወጣ ተሽከርካሪ ነገር ነበር። ተራዬ ሲደርስ ሱሪዬ ላይ እያንከባለልኩ፣ «ይሄ የጉልበት ማሻ ነው» አልኩ። «ለረጅም መንገድ ሹፌሮች የተሠራ ነው። ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረ ጉልበት ጠዋትና ማታ ሃያ ሃያ ጊዜ ቢታሽበት ደሙ ይፈታል።» ቀና ስል አማቴ በር ላይ ቆመዋል። ከእንቅልፍ ነቅተው የሰሙት የእኔን ብቻ ነው።

«ለእኔ አስበው ነው?» አሉና ዕቃውን ከእጄ ተቀብለው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ማን ይናገር? እሳቸውን ልጆቻቸው ፊት ማሳፈር የማይታሰብ ነው። የባለቤቴ ወንድም ብቻ ጆሮዬ ሥር፣ «የፒዛ ሊጥ መብሻ ነው» ብሎኝ ወደ ጓሮ ሮጠ፤ ሳቁ ሳሎን ድረስ ይሰማል።

ከዚያ ወዲያ እንግዳነቴ ባሰ። ጉልበታቸው ቀለል አለላቸው፤ ዕቃውን ለእድር ጓደኞቻቸው እያዋሱ «የአማቼ ስጦታ ነው» ይላሉ። ሳህኔ ላይ ሥጋው በበዛ ቁጥር እኔ ወደ ዳር እገፋዋለሁ። የቤቱ ልጅ ለመሆን ስመኝ እንግዳነቴንም እንዳላጣ ፈራሁ።

አንድ ቅዳሜ አብረን ስንሄድ አማቴ አንድ ፒዛ ቤት መስታወት ጋ ቆሙ። ውስጥ ጋጋሪው ያንኑ የመሰለ ዕቃ ሊጥ ላይ ያንከባልላል። «አከም ጅርታ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው መልስ ሳይጠብቁ ዘው አሉ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የጉልበት ነው! ሰው ይታሽበታል፣ አንተ ሊጥ ላይ? አማቼ መምህር ናቸው፣ እሳቸው ይንገሩህ።» ጋጋሪው አፉን ከፍቶ ወደ እኔ አየ።

አልቻልኩም። እዚያው ምድጃው ፊት ተናዘዝኩ።

አማቴ ጋጋሪውን ይቅርታ ጠይቀው ይዘውኝ ወጡ። ባጃጅ ውስጥ እንደገባን ግን ፈነዱ። «አንተ ዋልጌ! ስንቱን ሽማግሌ በሊጥ መብሻ ሳሳሽ ከረምኩ! ነገ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?» እስከ ቤት አላቆሙም።

ግቢ ስንደርስ ዝናብ ጀምሯል። የባለቤቴ ወንድም በረንዳው ፊት ያሉትን ወንበሮች ሊያስገባ ሲነሳ «አንተ ተቀመጥ» አሉት። ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ቆመህ ታያለህ? አስገባ እንጂ! ጠረጴዛውንም!»

የባለቤቴ ወንድም ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ዝናቡ እየወረደብኝ ስድስቱንም ወንበር አስገባሁ። ጠረጴዛውን ስሸከም ከደስታዬ ብዛት ሳቄ አመለጠኝ፤ እንዳያዩብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።