በደከመ ድንጋይ የተማርኩት ዘፈን

የልጆቹን ሙዚቃ መጀመሪያ የሰማሁት ከገዛ ቤቴ ጓዳ ነው። ባለቤቴ ስልኳን ከጨው ዕቃው ጋር አስደግፋ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ቢላዋው ከድራሙ እኩል ይወርዳል። ከተማችን ቆሰበር ውስጥ ሦስት ልጆች ፓንክ የሚባለውን ሙዚቃ እንደሚጫወቱ ሰምቼ ነበር። ፓንክ ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ ሦስት ኮርድ ይዞ ፍሬኑ እንደተበጠሰ ባጃጅ ቁልቁል መውረድ ነው። ያላወቅሁት፣ አልበም እየሠሩ መሆናቸውንና አልበሙም በሙሉ የድሮ የፈረንጅ ሮክ ዘፈኖች መሆኑን ነው። የእኔ ዘፈኖች!

«የእኔ» ስል በሕግ አይደለም። ዳንግላ ጎረምሳ ሳለሁ እነዚህን ዘፈኖች ከአንድ ካሴት በጆሮዬ እየለቀምኩ፣ ግጥሙን በእኛው ፊደል ደብተር ላይ እየጻፍኩ፣ አምስት ክር ብቻ በቀረው የቀበሌ ጊታር የተጫወትኩ እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የተጫወታቸው ካለ ይምጣና እንነጋገር። ባለቤቴም ያኔ ከቀበሌው አዳራሽ ሦስተኛ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ትሰማኝ ነበር። ስለ ባቡር የሚያወራው ዘፈን ላይ ስደርስ ዓይኗ እንባ ያቀራል። ሁለታችንም ባቡር አይተን አናውቅም። ከተጋባን በኋላም ስትቆጣ ጊታሬን አንስቼ እሱኑ እጫወትላታለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሠርቷል።

አሁን ያንኑ ዘፈን እነዚህ ልጆች ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጨርሰው ወጡ።

«ይሄ ያንተ ዘፈን አይደል እንዴ?» አለች ቢላዋዋን ሳታቆም።

«ነበር።»

«ሲያምር!»

«ምኑ ነው የሚያምረው? ቀበሮ ያባረረው በግ ነው የሚመስለው።»

«አንተ ስትጫወተው በጉ ከታረደ ቆይቷል» አለችና ከመጀመሪያው ከፈተችው።

ሰው ሁሉ «የድሮ ሙዚቃ ይሻላል» ሲል ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጋዜጣ ላይ ጽሑፍም ጽፌበታለሁ፤ ትዝታ የሰነፍ ጆሮ ነው ብያለሁ። ያን ቀን ግን ከጓዳው በር ላይ ቆሜ የድሮው ይሻላል ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። የቀናሁት በሙዚቃቸው ብቻ አልነበረም። ሚስቴ ከእኔ ውጭ በሌላ እጅ ያንን ዘፈን ወደደችው፤ ያውም ሳቅ እያለች።

በሳምንቱ ድራም እየመታች የምትዘፍነው ልጅ ደወለች። ያኔ የወጡት አራት ዘፈኖች ብቻ ነበሩ፤ አልበሙ ሲያልቅ መቅድም እንድጽፍላቸው ፈለገች። እሺ አልኳት። የሄድኩት ግን ለመቅድም ሳይሆን ለማረም ነው።

የሚለማመዱት ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የአባቷ ድንች መጋዘን ውስጥ ነው። ድምፅ እንዳይወጣ ግድግዳውን በቀርከሃ ምንጣፍ ሸፍነውታል። የድራም ዱላዎቿንም ራሷ ከቀርከሃ ጠርባቸዋለች።

«ጋሼ፣ ይግቡ፤ ጭንቅላትዎን ግን ይጠብቁ» አለችኝ። ከድንች ጆንያ ላይ አስቀመጡኝ። እኔም ጀመርኩ። ዋናው ዘፈን ከባድ ነው አልኳቸው፤ በቀስታ ነው የሚሄደው፤ ዘፋኙ ብዙ ያየ ሽማግሌ ነው፤ ባቡሩም ሊደርስ የሚፈልግ ባቡር አይደለም። ፍጥነት ድፍረት አይደለም የሚለውን ሁለት ጊዜ ሳልደግመው አልቀረሁም። ጊታር የሚጫወተው ልጅ አንገቱን ደፋ። ቤዝ የሚጫወተው ማዛጋቱን በእጁ ሸፈነ።

ልጅቷ እስክጨርስ በአክብሮት ጠበቀችኝ። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ዋናውን ከፈተችው።

ፈጣን ነው። የእነሱን ያህል አይሁን እንጂ ከእኔ ይልቅ ለእነሱ ይቀርባል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎርናና ሽማግሌ የመሰለኝ ዘፋኝ ቀጭን ድምፅ ያለው ጎረምሳ ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሰሙት የትኛውን ነው?» አለች።

መልሱ ከአፌ ከመውጣቱ በፊት ምላሴ ላይ መጣ፤ የዚንክ ጣዕም። ቤታችን መብራት አልነበረም። አባቴ የባትሪ ድንጋይ የሚገዛው ለዜና ነው። ድንጋዩ ሲደክም ሬዲዮው እንደምንም ይናገራል፤ ካሴት ለማዞር ግን አቅም ያጣል። ለእኔ የሚደርሰኝ ያ የደከመው ነው። ጣራ ላይ ፀሐይ አሰጣዋለሁ፤ በጥርሴ እነክሰዋለሁ፤ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ ካሴቱ እየተጎተተ ይዞራል። እኔም የሚጎተተውን ዘፈን ዘፈኑ ነው ብዬ አጠናሁት።

ነገርኳቸው። ሁለቱ ወንዶች ጆንያው ላይ እስኪንከባለሉ ሳቁ።

«በድንጋይ የሚሄድ ባቡር!» አለ ባለ ቤዙ።

ልጅቷ አልሳቀችም። «እስቲ ይጫወቱልን» አለች።

ጊታሩን ሰጡኝ። ቀስ ብዬ፣ በወረደው ቃና፣ እንደተማርኩት ተጫወትኩት። ስጨርስ ልጅቷ የድራም ዱላዎቿን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይሄን ይስጡን። የመጨረሻው ዘፈን እናድርገው።»

«አስብበታለሁ» ብዬ ወጣሁ። ምን የሚታሰብ አለው? በሕይወቴ ከማንም ያልቀዳሁት አንድ ነገር ስሕተት ሆኖ ተገኘ፤ እሱንም ሊወስዱት ነው።

ማታ እራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ «ስጣቸው እንጂ አንተ ሰውዬ! ለማን ልታወርሰው ነው?» አለች።

«እነሱ ከተጫወቱት የእኔ አይሆንም።»

«ካልተጫወቱትስ ማን ይሰማዋል? እኔ እንደሆንኩ ጠግቤዋለሁ።»

ሰጠሁ። ይበላሻል የሚል ተስፋ ነበረኝ፤ ይህንን እዚህ ካልጻፍኩት ሌላ ቦታ አልጽፈውም።

አልበሙ ሲያልቅ ባለቤቴ እንደ ልማዷ ስልኳን ከጨው ዕቃው ጋር አስደግፋ ከፈተችው። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ዘፈኖች እየተጋፉ አለፉ። የእኔው መጣ። አጨዋወቱ የእኔ ነው፤ ከእኔ የበለጠ ንጹሕ ነው፤ ይህን ጠብቄ ነበር። ያልጠበቅሁት መጨረሻውን ነው። ድራሙ እየዘገየ ሄደ፤ ጊታሩ እየወረደ፤ የልጅቷ ድምፅ እየጎረነነ፣ እየተጎተተ፣ ልክ ድንጋዩ ሲያልቅ እንደሚሆነው ቃሉ መሐል ላይ ቆመ። የባቡሩ ስም እንኳ አላለቀም።

የባለቤቴ ቢላዋ ቆመ። ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ሽንኩርት ነው እንዳልል ያን ቀን የምትከትፈው ጎመን ነበር።

እንዲህ ይጨረሳል ብዬ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አላሰብኩም። እኔ ሁልጊዜ በኮርድ ነበር የምዘጋው፤ በደንቡ መሠረት።

«መልሰሽ ክፈችው» አልኳት።

መቅድሙን በማግስቱ ላክሁ። ሁለት ገጽ ጠብቀው ነበር፤ የደረሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እንዳለ አተሙት፦ ድንጋዩን የነከስኩት እኔ ነኝ።