አያቴ በሰላምታ ብቻ ሞጣ የደረሱ ዕለት

ሞጣ፣ በጋሽ ኑሩ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ አያቴ አያ ሙሉነህ፤ ልጃቸው፣ ማለትም አጎቴ ደሳለኝ፤ ባለሱቁ ጋሽ ኑሩ፤ ጨርቅ ልትገዛ የገባች ሲስተር ማርታ የምትባል ነርስ፤ እና እኔ። ያለፈው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ዛሬም በከተማችን በቢቸና መናኸሪያ ባለፍሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አያቴ ከዓመት ወዲህ ይረሱ ነበር። ሰላምታቸው ግን አልተነካም። የሰውን ጤና፣ ልጆች፣ ከብት፣ አዝመራ በየተራው ይጠይቃሉ፤ ሲጠየቁም ሳይሳሳቱ ይመልሳሉ። ስለዚህ ከቤተሰቡ ውጭ መታመማቸውን ያወቀ አልነበረም።

ያን ቀን ጠዋት ወጥተው ጠፉ። ከአጎቴ ጋር መናኸሪያ ደርሰን ስንጠይቅ አንድ ተራ አስከባሪ፣ «የሞጣው መኪና ላይ ናቸው። የፊት ወንበር አስለቅቄ አስቀመጥኳቸው» አለን።

«ወዴት ነው ብለህ አልጠየቅሃቸውም?»

«እሳቸውን የመሰለ ትልቅ ሰው ወዴት ነው ይባላል እንዴ!»

ሞጣ ገበያው ዳር ሱቅ ለሱቅ ስንጠይቅ አገኘናቸው። ጋሽ ኑሩ በርጩማ ላይ አስቀምጠዋቸው ሻይ አስመጥተውላቸዋል። «ሰላምታው ደህና ነበር። ምን ልስጥዎ ስላቸው ነው የደነገጥኩት» አሉን። አያቴ፣ «አባቴ ከገበያ እስኪወጣ ልቀመጥ ብዬ ነው» ብለዋቸው ኖሯል።

አጎቴ በኀፍረት ፊቱ ተለዋወጠ። «ከእንግዲህ የቤቱ በር ይቆለፋል። ሰው ሳይሰማ።»

«በሽታ ነው፤ ይመርመሩ» አልኩ። ብዙ አልናገርም፤ ያን ቀን ግን ዝም አላልኩም።

«እርጅና ነው! ይሄ ደግሞ ስልኩ ላይ አንብቦ ሐኪም ሆነብን።»

ሲስተር ማርታ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ያነበበው ልክ ነው። ዕድሜ ሲገፋ አንጎል ውስጥ አንዳንድ ፕሮቲኖች ይከማቻሉ፤ አንዱ በሴሎቹ መካከል፣ ሌላው በውስጣቸው። ተከማችቶበት የማይረሳም ሰው አለ። ሴሎቹን ሲጎዳ ግን እንዲህ ያለ መርሳት ሊያመጣ ይችላል። የእሳቸው ከዚያ ይሁን ከሌላ፣ ሳይመረመሩ አይታወቅም። በመድኃኒት የሚድን ሌላ ምክንያትም ሊሆን ይችላል።»

አጎቴ ሊመልስ ሲል አያቴ ቀና ብለው አዩት።

«አንተ ጎበዝ፣ የማን ልጅ ነህ?»



«የሙሉነህ» አለ አጎቴ።

«እደግ! አባትህን ሰላም በልልኝ።»

አጎቴ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ስለ ቁልፍ ዳግመኛ አላነሳም። ሐኪም ቤት ይዟቸው የሄደውም እሱ ነው። የሚድን ሌላ ምክንያት አልተገኘም፤ የመርሳት በሽታ ነው ተባልን።

እኔም ቢቸና ለተራ አስከባሪዎቹ፣ ለሾፌሮቹ፣ በሰፈራችን መንገድ ላይ ላሉት ባለሱቆች አንድ በአንድ ነገርኩ። «አያቴን ሰላም ብላችሁ ብቻ አትለፏቸው። ወዴት ነው፣ ከማን ጋር ነዎት በሏቸው። ነውር አይደለም።» የሳቁብኝ አሉ፤ እነሱ ዘንድ ደግሜ ሄድሁ። አሁን ይጠይቃሉ።

በሽታው አልቆመም። እኔም ፍርሃቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም። በራችን ግን ክፍት ነው፤ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚያስፈልገውን ሁሉ አደርጋለሁ።

እኔ የማላውቀው አያቴ ከቢቸና እስከ ሞጣ እንዴት እንደተጓዙ ነው። በዚያ መኪና የፊት ወንበር አጠገባቸው የተቀመጣችሁ፣ ምን እንዳወጓችሁ ጻፉልኝ። ጋሽ ኑሩ፣ እኛ እስክንደርስ ስለ አባታቸው የነገሩዎት ካለ ይጨምሩበት። ሲስተር ማርታ፣ አንቺም ያዛባሁት ካለ አርሚኝ።