እንግዶቹ ሳይመጡ

ሥራዬ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን ሰዎች በማደንዘዣ ማስተኛት፣ ከዚያም በሰላም ማንቃት ነው። ለዓመታት ይህን የሠራሁት ከውጭ በሚመጡ ሐኪሞች ጎን ቆሜ ነበር። እነሱ ሲመጡ ቀዶ ሕክምናው ይጀመራል፤ ሲሄዱ ክፍሉ ይቆለፋል፤ በሽተኛውም ወረፋውን ይዞ ይቀመጣል።

አንድ ጊዜ ተራቸው ከደረሰ በሽተኞች መካከል ላፍቶ ልብስ የምትሰፋ ሴት ነበረች። በልጅነቷ በወጉ ያልታከመችው የጉሮሮ ሕመም የልቧን ቫልቭ አጥብቦት ትንፋሽ ያጥራት ነበር። የእንግዶቹ ጉዞ መሰረዙን የነገርኳት እኔ ነኝ።

“እናንተስ?” አለችኝ። “እናንተ ሐኪም አይደላችሁም?”

ነፋስ ስልክ ከታክሲ እስክወርድ ድረስ ስበሳጭ ነበር፤ በእሷ ሳይሆን በራሳችን። በማግስቱ ስብሰባ ላይ “እኛ እንሥራት” አልኩ።

አለቃችን መነጽራቸውን አወለቁ። “ብትሞትስ? ደፍረው ገደሏት ነው የምንባለው።”

“ብንጠብቅም ትሞታለች። ያኔ ግን ማንም አይጠይቀንም።”

ለዓመታት እንግዶቹን ሲያግዝ የኖረው ቀዶ ሐኪማችን ቀና ብሎ “እኔ አለሁ” አለ። አለቃችንም ሳይወዱ ፈቀዱ።

የቀዶ ሕክምናው ዕለት ሴትየዋ የምትጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ጮክ ብለው ይጸልዩ ነበር። ጥበቃው ሊያስወጣቸው ሲል “ተዋቸው፣ እነሱም የራሳቸውን ሥራ እየሠሩ ነው” አልኩት።

“ትቀሰቅሺኛለሽ አይደል?” አለችኝ አልጋው ላይ ሆና።

“እቀሰቅስሻለሁ፣ እህቴ።”

መድኃኒቱን ቀስ እያልኩ ሰጠኋት፤ እንዲህ ያለ ልብ ችኮላ አይችልም። ቫልቩ ተቀየረ። የልብና የሳንባን ሥራ ከሚተካው ማሽን ልንለያት ስንል ግን ልቧ መንቀጥቀጥ ብቻ ሆነ። በኤሌክትሪክ መታናት፤ እንቢ አለ። ደገምናት። አንዱ ባልደረባችን “አልሆነም” ብሎ አጉረመረመ።

“ማን ነው አልሆነም ያለው?” ብዬ ጮህኩ። “ማሽኑን እንዳታጠፉት፣ ልቧ ትንሽ ይረፍ!” መድኃኒቱን አስተካክዬ ጠበቅን፤ እንደገና መታናት። ልቧ መጀመሪያ እያነከሰ፣ ኋላ ረጋ ብሎ መታ። የደም ግፊቷም ከፍ ማለት ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት ስሟን ጠርቼ ቀሰቀስኳት። ዓይኗን ገልጣ ጣቴን ጨበጠችው።

አለቃችን በር ላይ ቆመው አዩን። “ዕድለኞች ናችሁ” አሉኝ።

“ይሁና” አልኳቸው፤ “ለሳምንት ሌላ በሽተኛ አዘጋጅተናል።”